ዛሬ ማን ታመመ?

ወንድሜ ንግግር የሚሆንለት ሰው አይደለም። ይህን ስል አስተዋይ ነው፣ ቃሉን መዝኖ ነው የሚናገረው ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ በቃ ቃል ከአፉ በመከራ ነው የሚወጣው። የመኪና መካኒክ ነው። ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም «ቁጥቡ» ነው የሚሉት። ደንበኛ መኪናውን አምጥቶ ስለ ብልሽቱ ሲያማርር፣ ስለ ቀድሞው መካኒክ ሲራገም፣ ስለ ኑሮ ሲያነሳ ሲጥል እሱ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ይቆማል። ሰውዬው ሲደክመው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ካንዴላው ነው» ይላል። አለቀ። ሚስቱን እንኳ ለጋብቻ እንዴት እንደጠየቃት አንድ ቀን ብጠይቃት በሳቅ ወድቃ ነው የነገረችኝ፤ «ቤት ተከራይቻለሁ፣ ሁለት ክፍል ነው» ብሎ ዝም አለ። እናታችን ልጇ ሲነካባት ስለማትወድ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። እኔ ደግሞ ዝንቡ ባይገባም እሺ፣ ሰው ግን እንዴት ይግባበት እላለሁ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው እንግሊዝኛ ይናገር ያሉት። ያውም ከማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ፣ በተሰጠው ርዕስ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ። እሱ በአማርኛም ሁለት ደቂቃ ተናግሮ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ባሕር ማዶ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አግኝታ ሄደች። ቀጥላ ልጃቸውን ሚጣን ወሰደች። ሦስተኛው ተረኛ እሱ ነበር፤ ለእሱ ግን የቋንቋ ፈተና ውጤት ያስፈልጋል ተባለ። ፈተናው ማንበብ አለው፣ መጻፍ አለው፣ ማዳመጥ አለው፣ መናገር አለው። ማንበቡ አላስቸገረውም፣ የመኪና መመሪያ ሲያገላብጥ ነው ያደገው። ማዳመጡም እንደዚያው፣ ዕድሜ ልኩን ሲያዳምጥ ነው የኖረው። መጻፉን እንደ ምንም ተወጣው። መናገሩ ላይ ግን ተያዘ። ለቤተሰቡ የተሰጠው ፈቃድ ደግሞ የሚዘጋበት ቀን አለው። እስከዚያ ውጤቱን ካላስገባ ማመልከቻው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ከዜሮ የጀመሩ ሰዎች ስንት ዓመት እንደጠበቁ ሚስቱ እያለቀሰች ነግራናለች። ሚጣ ያኔ የፊት ጥርሶቿ እየተነቃነቁ ነበር። «ነቅላ፣ አብቅላ፣ እኔን ረስታ ትጠብቀኛለች» አለኝ ወንድሜ። ረጅም ንግግር ነው ለእሱ።

የመጀመሪያውን ፈተና እንዴት እንደወደቀ ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል፣ ያስቀኛልም። ርዕሱ የማይረሳ ጉዞ የሚል ነበር። ፈታኟ ሰዓቷን አይታ ጀምር አለችው። ጉዞው ረጅም ነበር፣ ጥሩ ነበር አለና አበቃ። እሷ ትጠብቃለች፣ እሱ ይጠብቃል። መካከላቸው የተቀመጠው መቅጃ ዝም ብሎ ይቀዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ያልቀጠለበትን ምክንያት ይፈጥር ነበር፤ እሱ ግን ቤት መጥቶ «ጨርሼ ነበራ» አለኝ። ሰው ከፍሎ ዝምታውን አስቀድቶ ይመጣል?

ታዲያ አንደበቱ የሚፈታበት አንድ ቦታ ነበረው፣ እሱም ሚጣ ዘንድ። እዚህ እያለች ከጋራዥ ሲገባ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ የተደፋው ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። እሱ እጁን በኦሞ ሲፈትግ እሷ «ዛሬ ማን ታመመ?» ትለዋለች። መኪና ማለቷ ነው። እሱም «የወተት ቤቱ ፒክአፕ» ይላታል። «የቱ ጋ?» ትላለች። ከዚያ ያ ቃል የማይወጣው ሰው ይጀምራል። ፒክአፑ ጠዋት ሲነሳ እንዴት እንዳሳለው፣ ዳገቱ ላይ እንዴት ትንፋሽ እንዳጠረው፣ ባለቤቱ ምንም አልሆነም እያለ እንዴት እንደደበቀበት፣ ሆዱ ሲከፈት የተበጠሰ ቺንጊያ እንዴት እንደተገኘ፣ ክሪክ ላይ ሲሰቀል እንዴት እንደፈራ። እኔ ከውስጥ የምሰፋበትን መኪና አቁሜ እሰማ ነበር። እናታችንም ወጥ ማማሰሉን ትታ ትሰማለች። ለእኛ አንድ ቀን እንዲህ አውርቶልን አያውቅም፣ ቢሆንም አልቀናሁም፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀንቻለሁ።

ሚጣ ከሄደች በኋላም ይህ አልቀረም። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ ከሥራ ይገባል፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል፣ እጁን ይፈትጋል። «ዛሬ ማን ታመመ?» የሚለው ድምፅ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ግቢው ነፍስ ይዘራል።

ከወደቀ በኋላ ሐሳቡን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ከሚጣ ጋር የምታወሩትን በእንግሊዝኛ አድርጉት፣ እሷ እንደሆነ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አለችው። ሁላችንም ጥሩ ነው አልን። ደንቡን ያወጣችው ግን ሚጣ ራሷ ነች። ከሁለቱ አንዱ አማርኛ ከቀላቀለ ሌላው በእንግሊዝኛ አልሰማሁም ይላል፤ ተስተካክሎ እስኪነገረው ድረስ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ልጅቷ ደግሞ ምሕረት የላትም። ወንድሜ ራዲያተር ሲፈስ እንዴት እንደሚባል ጠፍቶት ባማርኛ ሲለማመጣት አልሰማሁም። ቆይ እስቲ ሲላት አልሰማሁም። እሱም በተራው እሷ ላይ ይከፍል ነበር። ስታኮርፍ፣ ሲያማት፣ ስትናፍቀው አምልጧት ባማርኛ ስትለው እየሳቀ አልሰማሁም ይላታል። ትስቃለች፣ ታስተካክላለች። ከስፌት መኪናዬ ሆኜ የምሰማው አንድ ቃል እንኳ አይገባኝም ነበር፤ ግን ሳቅ በየትኛውም ቋንቋ ሳቅ ነው ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

እና ሠራ። ሰውየው መናገር ጀመረ። ተደፋፍሮ ለፈተና የሚያለማምድ አስተማሪ ዘንድ ሄደ፤ በሙቀትም በዝናብም ክራቫት የማይፈታ ሰው ስለሆነ ባለ ክራቫቱ እንለዋለን። ባለ ክራቫቱ ስለ ሥራህ ተናገር ሲለው ወንድሜ ስለ አንድ የከተማ አውቶቡስ አወራለት። አውቶቡሱ ሆዱን በጣም በጣም እንዳመመው፣ መንገድ ላይ እንዳለቀሰ፣ ማንም እንዳላቀፈው፣ በኋላ ወንድሜ ጎበዝ ልጅ ብሎ እንዳባበለውና እንቅልፍ እንደወሰደው። ባለ ክራቫቱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ክራቫቱን አስተካክሎ እንግሊዝኛህ ይፈሳል፣ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነው የሚናገረው፣ ፈታኝ ፊት እንዲህ ብትል ነጥብህ ይወርዳል አለው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው። ወንድሜ ምግብ ተወ። ባለ ክራቫቱ የሰጠውን የአዋቂ ንግግር አጀማመር ሁሉ መሸምደድ ያዘ። መኪና ስር ተንጋሎ ያነበንባል፤ አንድ ደንበኛ ከመኪናው ስር የሚመጣውን ሰምቶ ለጋራዡ ጠባቂ ሰውዬው መኪናዬ ላይ ምን እየደገመበት ነው ብሎ ከሰሰ አሉ። ቤት ሲገባ ስልኩን እያየ ቀን ይቆጥራል። ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ግሪስ በብሩሽ ይፈትጋል፣ ፈታኙ እጄን ያያል ይላል። እጅህን አይደለም አፍህን ነው የሚያየው ስለው ያ ይበልጥ አስፈራው።

ይህ ሁሉ ግን የመጣብንን አያህልም።

አንድ የዕረፍት ቀን እናታችን እስቲ ዛሬ እኔም ላውራት ብላ ስልኩን ተቀበለች። ብዙ ጊዜ የምትሰማው ከሩቅ ነበር፤ የትምህርት ሰዓታቸውን አልሻማባቸው እያለች ስትተውላቸው ከርማለች። «ሚጣዬ፣ በላሽ ወይ የኔ እናት?» አለቻት። ሚጣ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች። እናታችን ምን አለች ብላ ወንድሜን አየችው። አልሰማሁም ነው የምትለው አላት። እናታችን መስመሩ መስሏት ጮክ አለች፣ በላሽ ወይ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው። ሚጣ ያችኑ ደገመች። ወንድሜ በእንግሊዝኛ አሁን ጨዋታ አይደለም፣ ለአያትሽ መልሺላት ሲላት ልጅቷ እናቷን ጠራች። ከዚያ ኮሽታ ተሰማና እናቷ ስልኩን ተቀበለች።

እናታችን «መስመሩ ነው» አለች። ስልኩን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችለትና ወደ ውስጥ ገባች። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ሚስቱ በኋላ ነው እውነቱን ያወጣችው። ሚጣ ከጨዋታው ውጪም አማርኛ ከተወች ሰንብታለች፣ እናቷ በአማርኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው፣ ሥራ ውዬ ደክሞኝ ስገባ መታገሉን ተውኩት አለች። ይገባታል ወይ ብሎ ጠየቃት። «አንዳንዱ ይገባታል መሰለኝ» አለች። «አላውቅም፣ እኔም መለየት አቅቶኛል።»

ከዚያ በኋላ ወንድሜን ማየት ያሳዝን ነበር። ፈተናው ከፊቱ ነው፣ የሚለማመድባት ልጅ ያቺ ናት። እንግሊዝኛውን ካቆመ ይወድቃል፣ ከወደቀ ልጁ ያለ እሱ ታድጋለች። ካላቆመ ደግሞ በየቀኑ በገዛ አፉ አማርኛውን እየፈታባት ነው። አልሰማሁም ስትለው እንደ ድሮው አይስቅም፣ እሷም ሳትስቅ ታልፈዋለች። አንድ ቀን ከልጅቱ ጋር ጨርሶ ወደ ውስጥ ገባና ስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመ። እጁ እርጥብ ነው፣ ያንጠባጥባል።

«እትዬ» አለኝ፣ «ስደርስ የማገኘው ማንን ነው?»

«ልጅህን ነዋ። ማንን ልታገኝ ነው?»

«እኔ እንደሆነ በእንግሊዝኛ የማውቀው የመኪና በሽታ ብቻ ነው» አለ። «ሌላ ሌላውን በምን ልነግራት ነው?»

ጨርቅ ወረወርኩለት፣ እጅህን አድርቅ፣ መጀመሪያ ፈተናውን እለፍ፣ የቀረው ይደርሳል አልኩት። ስናደድ ድምፄ ይጎላል፤ የተናደድኩት በእሱ አልነበረም።

የፈተናው ቀን አብሬው ሄድኩ። በዚህኛው ዙር የሚፈተነው የመናገሩን ክፍል ብቻ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወንበር በወንበር ሆነን ተቀመጥን። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ለግድግዳው ትስቃለች፣ ለካ ለፈታኙ የምታሳየውን ፈገግታ እየተለማመደች ኖሯል። ወንድሜ የጣቶቹ ጫፍ ከመፈተጋቸው ብዛት ቀልተዋል። ውሃ ልግዛልህ ብለው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሲጠሩት ተነሳ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና ስልኩን ሰጠኝ፣ ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር፣ አንዲት ሠራተኛ መጥታ እስክታስነሳኝ ድረስ። የምሰማው አይገባኝም፤ የምፈልገው ድምፁ አለመቆሙን ብቻ ነበር። ቆመ። ከዚያ እንደገና ተነሳ፣ ቀጠለ፣ ቀጠለ።

የሆነውን ታክሲ ውስጥ ነው የነገረኝ። ርዕሱ ከአንድ ሰው ጋር አዘውትረህ ስለምታደርገው ጨዋታ ተናገር የሚል ሆኖ ተገኘ። የሸመደደው የአዋቂ አጀማመር አንድ ዓረፍተ ነገር ድረስ ወሰደውና ጣለው። ፈታኙ ይጠብቃል፣ መቅጃው ይቀዳል፣ የመጀመሪያው ፈተና መጣበት። ያኔ ሌላ የሚለው ስላጣ የሚያውቀውን ተናገረ። ባልዲው ላይ የምትቀመጥ ልጅ አለችኝ፣ በየቀኑ ማን ታመመ ትለኛለች አለ። ስለ ፒክአፑ ሳል፣ ስለ አውቶቡሱ ሆድ ቁርጠት ተናገረ። ፈታኙ ጊዜው አልቋል ብሎ እጁን ሲያነሳ አላየውም፤ ጨዋታው አሁን እየጠፋ እንደሆነና ያጠፋውም ይህ ፈተና እንደሆነ ሁሉ ነገረው።

«ፈታኙን ከሰስከው?» አልኩት።

«የልጅ እንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ወድቄያለሁ ማለቱ ነው።

ውጤቱ እስኪመጣ ቤታችን ሰው የታመመበት ቤት መሰለ። በእግር ጣት ነው የምንሄደው። እናታችን የተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር ምልክት አድርጋ ትተረጉማለች። ወንድሜ በነዚያ ቀናት ከሚጣ ጋር ሲያወራ አጭር ሆነ፣ ምን እንደሚላት ጠፋው። በእንግሊዝኛ ሊያወራት ልቡ አልፈቀደም፣ በአማርኛ ሞክሮ የሚመጣውን ለመስማት ደግሞ ፈራ። ደወለ፣ ሰላም አላት፣ ዘጋ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው የልጁን ድምፅ ለመስማት ፈራ።

ውጤቱ የመጣው ሥራ ላይ እያለ ነው። የሥራ ልብሱን ሳይቀይር፣ እጁን ሳይታጠብ ሮጦ መጣና ስልኩን የምሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ቁጥሩ ላይ የግሪስ አሻራ ስላለበት ማንበብ አልቻልኩም። በቁራጭ ጨርቅ ጠረግኩት። አልፏል። ተንጠልጥሎ ነው ያለፈው፣ ግን የሚፈለገውን አሟልቷል። እናታችን ስልኩን ሳመችው፣ ግሪሱ ከንፈሯ ላይ ቀረ። ወንድሜ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደወለ። ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

ሚጣ አነሳች።

«ሚጣ፣ አለፍኩ» አላት፣ በአማርኛ።

እሷ በእንግሊዝኛ አልሰማሁም አለች። ያቺን እንኳ እኔም ለምጃታለሁ።

ወንድሜ ፈገግ ብሎ «አለፍኩ፣ ልመጣ ነው ልጄ» አላት። አልሰማሁም። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ልጅቷ ደንቡን እየጠበቀች ይሁን ወይስ እውነትም ያለውን አላወቀችው፣ የሚለይ ነገር የለም። እሱም አልለየውም፤ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ደግሞ ወደ እናታችን። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያች ቅጽበት የፈራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ያኔ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነገራት። በኋላ እንዳስተረጎምኩት፣ ጨዋታው አልቋል፣ አሸንፈሻል፣ ካሁን በኋላ ደንቡ ተገልብጧል፣ አማርኛ ያልተናገረ ነው የማይሰማው ነው ያላት። ከዚያ በአማርኛ «በይ ጠይቂኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «እንደ ድሮው ጠይቂኝ።»

ጠበቅን። ከወዲያ በኩል ትንፋሿ ይሰማል። እናቷ ከኋላ የሆነ ነገር ልትላት ጀምራ ተወችው። እኔ የስፌት መኪናዬን መዘውር ጨብጬ ይዣለሁ። ሚጣ አንድ ቃል ጀምራ ጣለችው፣ ሌላ አነሳች።

«ዛሬ… ማን… ታመመ?»

አባባሏ የባዕድ ልጅ አባባል ነበር። እንደ «ጠ» ያለ የሚከብድ ድምፅ እንኳ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ተሰባብሮ ነው የወጣው። ይሁን፣ ወጣ። እናታችን አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔ» አላት ወንድሜ። «ዛሬ የታመምኩት እኔ ነኝ።»

«የቱ ጋ?» አለች ቶሎ። ይህችኛዋ ሳትፈልጋት ነው የመጣችላት።

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ከማያውቀው ሰው ፊት ሰዓት አሳልፎ የተናገረው ሰው፣ በወረቀት የመናገር ችሎታው የተመሰከረለት ሰው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። እንባው ግሪሱን ይዞ ጉንጩ ላይ ወረደ። ስልኩን ልቀማውና እኔ ልንገራት ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር።

«አባ» አለች ሚጣ። «አልሰማሁም።»

በአማርኛ ነው ያለችው። ወንድሜ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፣ የቱ ጋ እንደሚያመው አንድ በአንድ ነገራት፤ እኔና እናቴም ሥራችንን ትተን ሰማን።